የጋሽ ሚሊ የወፍ እግር

ጋሽ ሚሊን በስማቸው የሚጠራ የለም። አርባ ዓመት ብረት መቅረጫው ቶርኖ ላይ ቆመው፣ «ሚሊሜትር ማለት እኮ አገር ነው!» እያሉ ስንቱን ተለማማጅ ሲያስለቅሱ ቅጽል ስሙ ተጣብቆባቸው ቀረ። «ከእጄ የወጣ ዕቃ ተመልሶ አያውቅም» ማለት ደግሞ የሰላምታ ያህል ነው ለእሳቸው።

አንዲት ልማድ አለቻቸው። የሠሩት ዕቃ ላይ ከዓይን የራቀ ቦታ ፈልገው ሦስት ጭረት፣ የወፍ እግር የመሰለች ምልክት ይቀርጻሉ። ሙያውን ያወረሷቸው አባታቸው፣ «ምልክት የሌለው ሥራ አባት የለውም» ይሏቸው ነበር።

ከወርክሾፓቸው በላይ፣ እዚያው ሕንፃ ላይኛው ፎቅ የምትሠራው የፊዚክስ ዶክተር፣ የክብሪት ቀፎ የምታክል የአሉሚኒየም ሳጥን አሠራቻቸው። ከወር በኋላ እንዴት ሆነች ብለው ሊጠይቁ ቢወጡ፣ ልጅቷ ጭንቅላቷን ይዛ ተቀምጣለች።

«ምነው ልጄ?»

«ኪውቢቷ ቶሎ ትረሳለች፣ ጋሼ።»

«እሷ ደግሞ ማን ናት?»

ሳትወድ ሳቀች። «በሳጥንዎ ውስጥ የምትቀመጥ የኳንተም ኮምፒውተር ሚጢጢ ነገር ናት። ዜሮንም አንድንም ባንዴ ይዛ ትቆያለች። ማይክሮዌቭ የሚባለው ሞገድ ከግድግዳ ግድግዳ እየነጠረ ያነጋግራታል። እሱ ከባከነ ግን ወሬዋን ይዞባት ይሄዳል፣ እሷም አንዱን ብቻ ይዛ ትቀራለች። መቶ ማይክሮሰከንድ መቆየት ሲገባት ሁለት እንኳ አትሞላም። የዛሬ ሁለት ሳምንት ገምጋሚዎች ይመጣሉ፤ እንዲህ ካገኟት ክፍሉን ይዘጉብኛል። ሽቦውን ሦስት ጊዜ ፈታሁት። ጥፋቱ የኔ ነው።»

«በምን ይባክናል?»

«ግድግዳው ላይ ጭረት ቢኖር እዚያ ይበላል። ግን የእርስዎ ሥራ ላይ ጭረት ከየት ይመጣል!»

ጋሽ ሚሊን የያዙት ሻይ ትን አላቸው። ወፏ! ከዓይን ትራቅ ብለው የክዳኑ ውስጠኛ ፊት ላይ ነበር የቀረጿት።

ለምሳ ቤት ገብተው ነገሩን ለባለቤታቸው አወሩ። «ዝም ብል ማን ያውቅብኛል? ሽቦ ነው ይባላል» አሉ።

«እሰይ!» አሏቸው ባለቤታቸው። «እሷ ባላጠፋችው ታልቅስ፣ አንተ ስምህን ታቅፈህ ተቀመጥ! በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም፣ ሰውዬ።»

ከምሳ መልስ ቆባቸውን አውልቀው ተናዘዙ። ዶክተሯ መጀመሪያ አላመነችም፤ ሳጥኗ የምትቀመጥበት ማቀዝቀዣ ሙቀቱ እስኪመለስ ሁለት ቀን ጠብቃ ክዳኑን ስትገለብጠው፣ ወፏ ቁጭ ብላለች። «ጋሼ! ወር ሙሉ እኮ ነው ያለቀስኩት!» ብላ ጮኸች። ቆይታ ደግሞ ሳቋ መጣና ወንበር ያዘች። ጋሽ ሚሊ ግን አልሳቁም፤ አፈሩ።

አዲሱን ሳጥን ሲሠሩ እጃቸው ሦስት ጊዜ መቅረጫውን አነሳ፣ ሦስት ጊዜ አስቀመጡት። «ይቺን እጅ በገመድ ልሰራት እንዴ?» እያሉ ይነጫነጩ ነበር።

በግምገማው ቀን፣ በፊት ወዲያው ትወድቅ የነበረችው መስመር ስክሪኑ ላይ ቀስ እያለች ሄደች፣ ሄደች፣ መቶ አርባ ማይክሮሰከንድ አለፈች። ዶክተሯ አፏን በእጇ ያዘች። አንዱ ገምጋሚ ለመለዋወጫ የተሠራችውን ሁለተኛ ሳጥን እያገላበጠ፣ «የሠሪው ምልክት የለበትም። የማን ሥራ ነው?» ሲል ጠየቀ።

ጋሽ ሚሊ በሩ ሥር ነበሩ። የአርባ ዓመቷን «ከእጄ የወጣ ዕቃ…» ሊሏት አፋቸውን ከፈቱና ዋጧት።

«የኔ ነው፣ ጌታዬ» አሉ። «የመጀመሪያው ተመልሶብኝ ነበር።»