ነጩ እንጨት አጠገብ

ጠርሙሱን ውሃው ውስጥ ስታጠልቅ ከኋላዋ የጀሪካን ኳኳታ ሰማች። ዞር አላለችም። ናሙና የሚቀዳ ሰው የሚቆመው ፊቱን ውሃው ወደሚመጣበት አድርጎ ነው፤ እግሩ ያደፈረሰው ጠርሙሱ ውስጥ እንዳይገባ። ሞላችው፣ ከደነችው፣ በረዶ በሞላው ሳጥን ውስጥ አስተኛችው። ከዚያ ቀና አለች። የመጣችው ታናሽ እህቷ ነበረች።

በከሰል ማዕድን ማውጫው የውሃ ጥራት ክትትል ላይ ስትሠራ ዓመታት አልፈዋል። ከማዕድኑ የሚወጣው ውሃ ማጣሪያ ኩሬዎቹን አልፎ ወንዙን የሚቀላቀልበት ቦታ ላይ ነጭ ቀለም የተቀባ እንጨት ተተክሏል። በየሳምንቱ እዚያ ትቀዳለች፣ አሲድነቱን ትለካለች፣ ጠርሙሱን ለላቦራቶሪ ትልካለች። የበሩ ዘበኛ ያወጣላት ስም "ጠርሙሴ" ነው። "ይሄን ወንዝ ዛሬም ልታስመረምሪው? የማይድን ከሆነ ተይው፣ በሰላም ይሙት" እያለ ያስቃታል። ቤተሰብ ስለ ሥራዋ ሲጠይቃት መልሷ አጭር ነበር፦ "ምን እሠራለሁ፣ ውሃ ቀጂ ነኝ።"

"እንዴት አደረች?" አለች፣ የሳጥኑን ክዳን እየገጠመች።

የጠየቀችው ስለ እህቷ ልጅ ነው። የትንሿ ልጅ ፊት ማበጥ ከጀመረ ወራት አልፈዋል። ኩላሊቷ ነው ተብላ ሆስፒታል ከርማ ገና ትናንት ቤቷ ገብታለች።

"ደህና አደረች። አክስቴ ትምጣ እያለች መቀመጫ ነስታኛለች።" ታናሽየዋ ጫማዋን አወለቀች። "ሐኪሙ ንጹሕ ውሃ ብቻ ስጧት ስላለኝ ነው በጠዋት የወረድኩት።"

"ከየት ልትቀጂ?"

"ከየት ትላለች እንዴ! አንቺ ከምትቀጂበት ነዋ፣ እትዬ።"

እንጨቱ አጠገብ ጎንበስ ብላ ጀሪካኑን አጠለቀች።

"የቧንቧው በረኪና በረኪና ይላል፣ አትወደውም። ይሄን እይው፣ መስታወት! ጡት ካስጣልኳት ጀምሮ ሌላ አጠጥቻት አላውቅም። የሰፈሩ ሴቶች ናቸው እንጂ ከታች ከድፍርሱ የሚቀዱት። እህቴ ጓንት አድርጋ፣ በረዶ ውስጥ አስቀምጣ የምትወስደው ከዚህ ነው ብላቸው ማን ሰምቶኝ።"

"ድፊው" አለች ታላቅየዋ።

"ምን?"

"ድፊው አልኩሽ! እዚህ የምቀዳው ስለሚያሰጋ ነው። ጥሩ ቢሆን ማን ይመረምረዋል? ኩልል ያለው ከአሲዱ ነው፤ ዓሣ የለበት፣ የውሃ ሣር የለበት። እርሳስ የሚሉት መርዘኛ ብረት አለበት። በረዶው ናሙናው እስኪመረመር እንዳይለወጥ ነው።"

ታናሽየዋ ሳቀች። "አንቺ ደግሞ፣ በጠዋቱ ቀልድ!" አለች። ከዚያ የእህቷን ፊት አየች። ጀሪካኑን ለቀቀችው፤ ግማሽ ሞልቶ ስለነበር አልሰጠመም፣ ዘመም ብሎ ቁልቁል ሄደ።

"እያወቅሽ?"

"ከዚህ እንደምትቀጂ አላወቅኩም! እሷ ትሙት አላወቅኩም!"

ሰው ሁሉ በየቀኑ የሚምለው መሐላ ነው። ከአፏ ካመለጠ በኋላ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ጓንቱ እርጥብ ነበር።

ታናሽየዋ መሐላውን የሰማች አትመስልም። "ውሃውን ግን ታውቂው ነበር" አለች።

ታውቀው ነበር። ውጤቱ ከላቦራቶሪ ወደ ቢሮ ይሄዳል፣ ቢሮው ይይዘዋል። ወንዙ ዳር ማስጠንቀቂያ አልተሰቀለም። እሷም ብትሆን እቤት ቁጭ ብላ "ያ ውሃ እንዳይጠጣ" ያለችበት ቀን የለም። የሚጠጣው ሰው ይኖራል ብላ አላሰበችም።

ታናሽየዋ ጫማዋን በእጇ ይዛ በባዶ እግሯ ዳገቱን ወጣች።

ሐኪሞቹ ልጅቷን የጎዳት ውሃው ነው ብለው አላረጋገጡም፤ አይደለምም አላሉም። ክረምቱ ሳይወጣ ሞተች። እናቷ ከቀብሩ በኋላ ቤቷን ዘግታ ወደ ባሏ ዘመዶች ሄደች። ለእህቷ አድራሻ አልተወችም።