ስለ እንቁራሪቷ የመሰከርሁበት ዓመት

ባለፈው ሰሞን የጓዳዬ በር እንደ ገዛ ወገቤ አልዘጋ አልከፈት ቢለኝ፣ ሌላ ላሠራ ብዬ ሐይቅ ከተማ አንድ እንጨት ቤት ገባሁ። አናጢው ጣውላ እየላገ ነበር፤ ከመላጊያው ሥር እየተጠቀለለ የሚወጣው ልጣጭ እግሬ ላይ ሲወድቅ ሽታው አፍንጫዬን ይዞ አርባ ዓመት ወደ ኋላ ጎተተኝ። ጥድ ነው። የት የበቀለ እንደ ሆነ ብጠይቀው አናጢው ቀና እንኳን ሳይል፣ «ጋሼ፣ እኔ በር እሠራለሁ እንጂ የዛፍ ዘር ማንዘር አልቆጥርም» አለኝ። ሌላ ቀን ቢሆን የባሰ መልስ አላጣም ነበር። ያን ቀን ግን ዝም ብዬ ወጣሁ፤ ባለቤቴ ብታየኝ ሐኪም ትጠራልኝ ነበር።

ያደግሁበት መንደር ከሐይቅ ወደ አምባሰል በሚያወጣው ዳገት ወገብ ላይ ነው። ከደጃፋችን ሲቆሙ ሐይቁ ታች ሜዳ ላይ ሰው ረስቶት የሄደ መስታወት ይመስላል። የማርያም ቤተ ክርስቲያናችንን የከበበው ደን ጥቅጥቅ ከማለቱ የተነሣ፣ በሐምሌ የዘነበ ዝናብ ቅጠል ለቅጠል ሲቀባበለው ከርሞ መሬት የሚደርሰው በነሐሴ ነበር። ይህን የምለው እኔ ስለ ሆንሁ ግማሹን ቀንሱ፤ የቀረው ግማሽ ግን እውነት ነው። ጥዱ፣ ወይራው፣ ዝግባው፣ በቅርንጫፉ የምትንጫጫው ዋኔ ርግብ፣ ጅራቱን እንደ ነጭ ነጠላ ለቆ የሚዘለው ጉሬዛ፣ በቁጥቋጦው ሥር የምትሾልከው ድኩላ፣ ሁሉም የደብሩ ሰዎች ይመስሉን ነበር። እንዲያውም ከአንዳንዱ ሰው ይልቅ ቅዳሴ የማያስታጉሉት እነሱ ነበሩ።

ለእኛ ለልጆቹ መዝሙር የሚያስጠኑን የኔታ ብርሃኑ ነበሩ። ቀጭን፣ ረጅም፣ ሲቆጡ ድምፃቸው ከፍ ከማለት ይልቅ ዝቅ የሚል ሰው ናቸው። ዘመነ ጽጌ፣ ያ የአበባው ወራት ሊገባ ሲል በየዓመቱ መዝሙር እንመርጣለን፤ የኔታም በምርጫ ጊዜ አንዲት ሕግ ነበረቻቸው። ያላየኸውንና ያልጠበቅኸውን ፍጥረት አትዘምርም። አንድ ዘመን ከከተማ የመጣ የአክስቴ ልጅ ስለ ዓሣ ነባሪ የሚያወራ መዝሙር ይዞ መጣ፤ ዜማው ያምር ስለ ነበር ሁላችንም አጨበጨብን። የኔታ ዝቅ ባለች ድምፃቸው፣ «ዓሣ ነባሪ አምባሰል ላይ አይተሃል?» ብለው ጠየቁት። አላየሁም አለ። «እንግዲያው የባሕር ዳር ሰዎች ይዘምሩለት፤ እኛ የራሳችንን እንኳን አመስግነን አልጨረስንም» አሉና አሰናበቱት።

የራሳችን የሚሉት እሳቸው የደረሱትን መዝሙር ነው። ዐሥራ ሁለት ስንኝ ነበረው፤ እያንዳንዱ ስንኝ የአንድ ፍጥረት፣ እያንዳንዱ ፍጥረትም የአንድ ልጅ ነበር። ዜማው አምባሰል አምባሰል ይላል፣ ለሠርግ ነው ለቤተ ክርስቲያን ብለው የሚያጉረመርሙ ሽማግሌዎች አልታጡም፤ የሚያጉረመርሙት ግን በዚያው ዜማ ነበር። የጥዱ ስንኝ የደረሰው ልጅ ችግኝ ያጠጣል፤ የንቡ ስንኝ የደረሳት ልጅ አባባ ሰይድ የሚባሉት ሙስሊም ጎረቤታችን ደኑ ውስጥ በሰቀሏቸው ቀፎዎች ሥር እሳት እንዳይነድ ትጠብቃለች። ጽጌ ሊገባ ሲል ሁላችንም ፍጥረታችንን አይተን መጥተን እንመሰክራለን፤ ያልተመሰከረለት ስንኝ በዚያ ዓመት አይዘመርም።

እኔ የደረሰችኝ እንቁራሪት ናት። ጉሬዛውን ስመኝ ከርሜ እንቁራሪት ሲሉኝ አለቀስሁ። የኔታ ግን፣ «ድምፅህ ራሱ ከውኃ የወጣ ነው፤ ከአንተ ሌላ ማን ይሆንላታል?» አሉኝ። ሥራዬ ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ካለው ምንጭ ቅጠል መጥረግና ከብት እንዳይረግጠው አጥሩን መጠገን ሆነ። ስንኟ ይቺ ናት፤

ከምንጩ ዳር ሆና፥ ጉንጯን ወጥራ ነፍታ፣
እንቁራሪት እንኳን፥ «ተመስገን» ትላለች ማታ።

ስዘምራት ሰው ይስቃል፤ ሰው ሲስቅ ደግሞ ነፍሴ ትጠግባለች። ያኔም እንዲህ ነበርሁ።

ዐሥር ዓመት በሆነኝ ዓመት ነገር ተበላሸ። አምና ለቤተ ክርስቲያኑ ጣሪያ ተብሎ ከምንጩ በላይ ያለው ላይኛው የጥድ ደን ተቆርጦ ነበር፤ ዘንድሮ ደግሞ የሰበካው ሊቀ መንበር አቶ ደምሴ አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡን ወይራው ሥር ሰበሰቡ። «ከወንዝ ማዶ ያለው ደብር መዝሙሩ እዚህ ድረስ ይሰማል፤ የእኛ ግን ከአጥሩ አይወጣም። ታችኛውን ጥድ ሸጠን የራሳችንን ድምፅ ማጉያ እንግዛ» አሉ። ለቁስቋም በዓል መሞከሪያ እንዲሆን ከደሴ በኪራይ እንደሚያስመጡም ተናገሩ።

ስለ ቀፎዎቻቸው ተጠርተው የመጡት አባባ ሰይድ መጀመሪያ ተነሡ። «ደምሴ፣ ስለ ዛፍ ለመዘመር ዛፍ ትቆርጣለህ? ወላሂ፣ ይሄ ለሠርጉ ድግስ ሙሽራዋን እንደ ማረድ ነው።»

ሕዝቡ ሳቀ። እናቴ የሺ ከሴቶቹ መሃል ተነሥታ፣ «ሳቁ! ላይኛው ጥድ ከተቆረጠ ወዲህ እንስራዬ እስኪሞላ ልጅ ወልጄ ጡት አስጥላለሁ» አለች።

«የሺ እኮ ናት!» አሉ አቶ ደምሴ እጃቸውን እያወናጨፉ፤ «የእሷ ቤት ድመት ነብር ናት። ውኃው የቀነሰው ዝናቡ ስላነሰ ነው።»

ማጋነን በቤታችን የዘር በሽታ መሆኑን መንደሩ ሁሉ ስለሚያውቅ፣ እናቴ ያን ቀን የተናገረችውን እውነት ማንም አልሰማላትም።

በመጨረሻ የኔታ ተነሡ። ምንጩ ከሞተ መንደሩ እንደማይቆም፣ ታችኛው ጥድ ከሄደ ደግሞ ምንጩ እንደማይተርፍ ተናገሩና አንድ ውል አቀረቡ። «ውኃ ሊሸሽ ሲል ቀድማ የምትሸሸው እንቁራሪት ናት። አሁንም ምንጩ ዳር ካለች፣ ያለፈው ቆረጣ አልጎዳውም ማለት ነው፤ እኔም አፌን እዘጋለሁ። ከሌለች መጥረቢያው ይቅር።»

«ማን አይቶ ይመሰክራል?» አሉ አቶ ደምሴ።

«ባለ ስንኙ። የልጆቼ ቃል ቃሌ ነው።»

የሕዝቡ ዓይን ሁሉ እኔ ላይ አረፈ። ዕድሜ ልኬን የምፈልገው ይህንኑ ነበር፤ ሲመጣ ግን ሮጬ እናቴ ጀርባ ተደበቅሁ።

ሦስት ቀን፣ ፀሐይ ወደ ተራራው ጀርባ ስታዘቀዝቅ ምንጩ ዳር ወርጄ ተቀመጥሁ። ውኃው የሚወርደው በጣት ውፍረት ነበር፤ በዳሩ ያለው ጭቃ ተሰነጣጥቋል። የመጀመሪያው ቀን ዝም አለ። ሁለተኛው ቀን ዝም አለ። በሦስተኛው ጉንጬን ነፍቼ ራሴ ጮህሁላት፤ እንደዚያ አሳምሬ ጮኼ አላውቅም፣ እውነተኛ እንቁራሪት ብትኖር ኖሮ ሽማግሌ ልካ ታገባኝ ነበር። ከገደሉ የተመለሰልኝ የገዛ ድምፄ ብቻ ነው። ድንጋይ ገለበጥሁ፣ ሣር ገላለጥሁ፣ ወደ መጨረሻው ላይ ደግሞ አለቀስሁ።

ያለቀስሁት ግን ለምንጩ አልነበረም። ስንኜ ሊቀር ነው ብዬ ነው። የአምባሰል ተራራ ሁሉ የሚሰማው ድምፅ ማጉያ ከደሴ ሊመጣ፣ እኔ ብቻ ከልጆቹ ኋላ ቆሜ ላጨበጭብ ነው ብዬ ነው። አንድ ሰው በዐሥር ዓመቱ ምን ያህል ክፉ ሊሆን እንደሚችል የማያውቅ እኔን ይጠይቀኝ።

በሚቀጥለው እሑድ ወይራው ሥር አቆሙኝ። አለች ብዬ ብቀመጥ እንኳ በበቃ ነበር፤ አፌ ግን አይችልም። «አንዲት ብቻ መሰለቻችሁ?» አልሁ፤ «ሰባት ናቸው! አንዷ ቆማ ትመራለች፣ ስድስቱ ይቀበላሉ። አንዷማ ሽብሸባ ታውቃለች።» ሕዝቡ በሳቅ ፈረሰ። አቶ ደምሴ እንባቸውን እየጠረጉ ራሴን ዳበሱኝ። እናቴ ብቻ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ታየኝ ነበር፤ የልጇን ውሸት የማታውቅ እናት የለችም።

የኔታ አልሳቁም። «በጆሮህ ሰማህ?» አሉኝ።

«በሁለቱም፣ የኔታ።»

«እንግዲያው ይዘመራል» አሉ።

በቁስቋም ዘመርሁ። ድምፄ ከዚያ ጥቁር ሣጥን ወጥቶ ተራራ ለተራራ ሲላተም ስሰማ ሰማይ ቤት የገባሁ መስሎኝ ነበር፤ ያን ያህል ደስ ብሎኝ አያውቅም፤ ያን ያህል መደሰቴንም እስከ ዛሬ ለራሴ ይቅር አላልሁትም። በዓሉ ባለፈ በሳምንቱ መጥረቢያዎቹ መጡ። ታችኛው ጥድ ወድቆ እስኪያልቅ ዐሥራ አንድ ቀን ፈጀ። አንዱ በወደቀ ቁጥር መሬቱ እግራችን ሥር እንደ ከበሮ ይመታ ነበር፤ መንደሩም ለብዙ ቀን ሽታው አልለቀቀውም። እንደ በዓል ይሸት ነበር፤ እኔ ግን አፍንጫዬን ሸፍኜ አልፍ ነበር።

አባባ ሰይድ ቀፎዎቻቸውን አውርደው በበቅሎ ጭነው ወደ አርዲቦ፣ ወደ ዘመዶቻቸው መንደር ወሰዷቸው። ከመንገድ ዳር ቆሜ ሳይ ምን እንዳዩብኝ እንጃ፣ በቅሎዋን አቁመው፣ «አብሽር፣ ልጄ። ንብ አበባ ያለበትን ታውቃለች» አሉኝና አለፉ። ምነው አለንጋቸውን አንድ ጊዜ ባሳረፉብኝ! በጥር ምንጩ ደረቀ። እናቴ ከዚያ ወዲህ ውኃ ለመቅዳት ግማሽ ቀን ትወርድ፣ ግማሽ ቀን ትወጣ ነበር፤ ወገቧም እዚያው መንገድ ላይ ቀረ። ስለ እንስራዋ ስታጋንን ዳግመኛ አልሰማሁም፤ ማጋነን የሚያስፈልገው አልነበረም።

ድምፅ ማጉያው ተገዛ። በሚቀጥለው ጽጌ ልጆቹ ለምስክርነት ሲሰበሰቡ እኔም እንደ ሌላው ቆሜ፣ እንቁራሪቷ የለችም አልሁ፤ ከመቼ ጀምሮ እንደ ሌለች ግን ማንም አልጠየቀኝ፣ እኔም አልተናገርሁ። ንቧ የለችም ተባለ። ዋኔዋ የለችም ተባለ። ጉሬዛው ለሁለት ዓመት ቆየና እሱም ተሰረዘ። የኔታ ሕጋቸውን አልለወጡም፤ በየዓመቱ በዚያች ዝቅ ባለች ድምፅ «እንግዲያው አይዘመርም» ይላሉ። እንዲህ ሆኖ መዝሙሩ ከፍ ባለ ድምፅ እየተዘመረ፣ እያጠረ ሄደ።

ያን ቀን ከእንጨት ቤቱ ወጥቼ ቤቴ አልሄድሁም። የኔታ አሁን ዓይናቸው ጠፍቶ ሐይቅ ከተማ ከልጃቸው ዘንድ ይኖራሉ፤ በዓል በመጣ ቁጥር እየሄድሁ በቀልዴ አስቃቸዋለሁ። ያን ቀን ያለ በዓል፣ ያለ ቀልድ ገባሁ። አልጋቸው ጠርዝ ላይ ተቀምጬ፣ «የኔታ፣ ያኔ እንቁራሪቷን አልሰማሁም» አልኋቸው። አርባ ዓመት የከበደኝ ነገር ለካ አንድ ትንፋሽ ነበር።

«ሽብሸባ የምታውቀዋንም?» አሉኝ።

«አንዷንም አልሰማሁም።»

እጄን ፈልገው ያዙኝ። «አውቃለሁ። ከመሰከርህ በማግሥቱ ወርጄ አምሽቼ ነበር።»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉ?»

«በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት ውሸታም ብዬህ ልጅ ሆነህ ትኖር ነበር? ደግሞ ራሱ መጥቶ ይነግረኛል ብዬ ጠበቅሁ። እስከ በዓሉ ጠበቅሁ። መጥረቢያው እስኪሳል ጠበቅሁ። የመጀመሪያው ጥድ ሲወድቅ እንኳን በር በሩን አይ ነበር።» ፊታቸውን ወደ በሩ መለሱ። «ከደኑ ይልቅ አንተን መረጥሁ። ተሳስቻለሁ እንዴ?»



መልስ ግን አልጠበቁም፤ መቁጠር ጀመሩ። «ጥዱስ?»

«የለም፣ የኔታ። ባሕር ዛፍ ነው የተተከለበት።»

«ድኩላዋ?»

«የለችም።»

«ቆቋስ? እሷ እንኳን በቀላሉ አትሄድም ነበር።»

«ሄዳለች።»

«እንግዲያው የቀረውን ዘምርልኝ» አሉና ጀርባቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው ተዘጋጁ፤ ድሮ ዐሥራ ሁለቱን ስንኝ ለመስማት እንደሚዘጋጁት፣ ነጠላቸውን አስተካክለው፣ መቋሚያቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው።

የፀሐይዋን ስንኝ ዘመርሁ። የነፋሱን ስንኝ ዘመርሁ። የልጅ ልጃቸው ውኃ ሊያመጣልኝ ወደ ጓዳ ሲገባ ጀምሬ፣ ብርጭቆውን ይዞ ሳይመለስ ጨርሼ ነበር።

የኔታ ግን ጆሯቸውን ወደ እኔ እንዳዘነበሉ ቆዩ።