ከጎታው ኋላ ያለችው ድመት

ትናንት ገበያ ላይ ስልቻ ሲሸተኝ የልጅነት ድመታችን ትዝ አለችኝ። የአባቴ ታላቅ ወንድም አያ ዘለቀ፣ መንገዱን እንዳታውቅ ብለው ከአዘዞ በስልቻ ነበር ያመጧት። ስትፈታ ከጎታው ኋላ ገብታ ሦስት ቀን አልወጣችም። አይጥ ጤፉን እየፈጀው ስለነበር እናቴ «ካልለመደች ትመለስ» አለች።

አያ ዘለቀ ጣሊያን ጥሎት በሄደው ጣሳ ወተት አስቀመጡና ጀርባዬን ለጎታው ሰጥቼ ምስር እንድለቅም አዘዙኝ።

«አትያት። የሚያያት ሁሉ ስልቻ የያዘ ይመስላታል።»

ብዙ ቆይታ ወተቱን ስትልስ ሰማኋት። ከዚያ አንድ ሙቅ ነገር ወገቤን ተደገፈኝ። መልቀሜን ቀጠልሁ።

አያ ዘለቀ ሲመለሱ ከደጅ ሆነው «ወጣችልሽ?» አሉኝ።

«አላየሁም።»

«ሸጋ» አሉ።

ትናንት የስልቻ ሻጩ «እማማ፣ ስልቻውን ይፈልጉታል?» ሲለኝ የድመቷን ቀለም ለማስታወስ እየሞከርሁ ነበር። አልመጣልኝም።