ቁመቱ ዘንባባ የነበረው ሟች

የታሪክ መጽሐፍ ሳነብ አንድ መጥፎ አመል አለብኝ። ጀግናው ገና ብቅ ሲል «ቁመቱ መለሎ፣ ግርማው የሚያስፈራ፣ ለጋስነቱ ወሰን የሌለው» የሚል ነገር ከመጣ ሳቄ ያመልጠኛል። ገዳሪፍ ገበያ ውስጥ የሰሊጥ መጋዘን ነው የምጠብቀው። ቀትር ላይ ገበያው ቀዝቀዝ ሲል ጆንያ ላይ ጋደም ብዬ አነባለሁ። ፊት ለፊቴ ሻይ የምትሸጠው ሱዳናዊት «ያ ዞል፣ አንተ ሰው፣ ብቻህን ምን ያስቅሃል?» ትለኛለች። «ሰውዬው ረጅም ነበር ይላል» እላታለሁ። አሁን አሁን እብድ ነው ብላ ትታኛለች።

እብድስ አይደለሁም። እኔም አንድ ሰሞን ረጅም ነበርኩ፤ በሞትኩበት ሰሞን።

ነገሩ እንዲህ ነው። መንደራችን ከመተማ በላይ ያለ ቆላ ነው፤ ክረምቱ ሲወጣ ግማሹ ጎረምሳ ለሰሊጥ አጨዳ ወደ ሱዳን ይወርዳል። እኔም የዚያን ዓመት ሀዋታ አካባቢ ከአንድ ትልቅ እርሻ ላይ ነበርኩ። ሰሊጡ ሲያልቅ ወኪሉ፣ ሥራችንን የሚቆጣጠረው ሱዳናዊ፣ ለማሽላውም ቆይ አለኝና ቆየሁ። አገር ቤት ስልክ ተቋርጧል። ለእናቴ ደህና ነኝ የምልበት መንገድ ሳጣ፣ በመንደራችን አልፎ የሚሄድ አንድ የሥራ ጓደኛዬ ወደ አገሩ ሊመለስ ተነሳ። ጋቢዬን አወጣሁ፤ በዚያ ሙቀት ጋቢ ምን ያደርግልኛል? ውስጡ ከገዳሪፍ የገዛሁላትን ቀይ ቶብ፣ የሱዳን ሴቶች ከራስ እስከ እግራቸው የሚጠመጠሙትን ጨርቅ፣ ከተትኩና በገመድ ጥፍር አድርጌ አሰርኩት። «ለእናቴ ስጥልኝ፤ ልጅሽ ደህና ነው በላት» አልኩት።

ያላሰብኩት ነገር፣ በኛ አገር ጥቅል ብቻውን አይመጣም። እዚህ በወባ፣ በእባብ፣ በሌላም የሚሞት አለ። ሲሞት እዚሁ እንቀብረዋለን፤ ጋቢውን ጠቅልለን ለእናቱ እንልካለን። አምጪውም ደጃቸው አይቆምም፤ ጥቅሉን ለጎረቤት አስረክቦ ይሄዳል፤ መርዶ ማርዳት የሽማግሌ ሥራ ነው። ጓደኛዬ ደግሞ የተሳፈረበት አይሱዙ ጡሩምባውን እየነፋ ሲያጣድፈው፣ ጥቅሉን መንገድ ዳር ላለችው ጎረቤታችን አቀብሎ «ለናቱ ስጭልኝ» አለና ዘሎ ተሳፈረ። «ደህና ነው» የምትለዋ ቃል እዚያው አይሱዙው ላይ ቀረች።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ሽማግሌዎቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው እናቴ ደጅ ቆሙ። ሬሳ ስለሌለ ጥቅሉን ዳስ መሐል አስቀምጠው ዙሪያውን አለቀሱ። ለሟች ክብር ሲሉ ገመዱን እንኳ አልፈቱትም። ቢፈቱት ኖሮ ቀዩ ቶብ ነገሩን ሁሉ ይነግራቸው ነበር፤ የሞተ ሰው ለእናቱ ቶብ አይገዛም። እኔ በዚያች ሰዓት ሀዋታ ላይ ፉል እየበላሁ ነበር።

ይህን ሁሉ ያወቅሁት ቆይቼ ነው። አንድ ቀን ቀትር ላይ በማሽላ አገዳ የተከደነው ዳሳችን፣ እዚህ ራኩባ የሚሉት፣ ሥር አረፍ ብለናል። አጠገቤ ከሁላችን በዕድሜ የሚበልጠው፣ «አያ» እያልን የምንጠራው ጎንደሬ አለ፤ ምላሱ ከማጭዱ የሰላ ነው። ከአገር አዲስ የመጣ አንድ ጎረምሳም አብሮን ተቀምጧል። ከመንደራችን ጋራ ማዶ ካለ ደብር ነው፤ አላውቀውም፣ አያውቀኝም።

ጎረምሳው ስልኩን አወጣና «አንድ ለቅሶ ላሰማችሁ» አለ። «እንዲህ ያለ ለቅሶ ዕድሜዬን ሙሉ አልሰማሁም። እዚሁ ሱዳን የሞተ ጀግና ነው። ራሃድ ወንዝ ሲሞላ ሦስት ሰው አውጥቶ አራተኛውን ሊያወጣ ሲል የቀረ።»

«መቼ ነው የሞላው?» አለ አያ።

«አሁን፣ በቅርቡ።»

«አሁን ራሃድ ውስጥ ለመስጠም አንደኛ መተኛት፣ ሁለተኛ መታገስ ያስፈልጋል» አለ አያ። እውነቱን ነው፤ በዚያ ወቅት ውሃው ቁርጭምጭሚት አይደርስም።

ጎረምሳው ግን ከፈተው። አስለቃሿ ሴትዮ ድምጿ እንደ ነሐስ ይጮሃል፤

«ቁመቱ ዘንባባ፣ ግርማው የአንበሳ፣
ሱዳን የሚርድለት ማጭዱን ሲያነሳ!»

ሕዝቡ «ወይኔ! ወይኔ!» እያለ ይቀበላታል። ጅብ በጡጫ የጣለ አለች። መቶ ሰው አብልቶ ጾሙን የሚያድር አለች። ስሙንም ጠራችው፤ ግን የኔ ስም በየደብሩ የሞላ ስም ነው፣ እዚያው ራኩባ ሥር እንኳ ሦስት ነበርን። ሆዴ ለቅሶ አይችልምና እንባዬ መጣ። «ወይ ጉድ! ምን ዓይነት ሰው ነው ያጣነው!» አልኩ፣ በመዳፌ ዓይኔን እየጠረግሁ።

«ማጭዱን ሲያነሳ ሱዳን ከራደ፣ ሰሊጡ በራሱ አይረግፍበትም ነበር?» አለ አያ።

«ዝም በሉ እስቲ፤ አሁን እናትየዋ ናት» አለ ጎረምሳው። የሚሰማው በለቅሶ የተዘጋ፣ የሻከረ ድምፅ ነው፤ የማን እንደሆነ አልለየሁትም።

«ሁለቴ ጨው ጥዬ ባበላሸው ወጡን፣
ጣፈጠኝ እያለ ማን ይጥረግልኝ ድስቱን?»

ክው አልኩ።

እናቴ ጨው ላይ ልብ የላትም። ጨው ትጥላለች፣ ጎረቤት በአጥር ላይ ትጠራታለች፣ ወሬያቸውን ጨርሳ ስትመለስ አልጣልኩም ብላ እንደገና ትጥላለች። አባቴ በሕይወት ሳለ አንዴ ጎርሶ ሳህኑን ገፋ ያደርግ ነበር። የሷ ፊት ሲጠቁር ማየት አልችልም። ትንሽ ልጅ ሆኜ «ጣፈጠኝ!» እላትና ድስቱን ጠርጌ እጨርሳለሁ፤ ከዚያ ከቤቱ ጀርባ ሄጄ እንስራው ላይ ተደፍቼ ውሃ እጠጣለሁ። ይህን ከሷና ከኔ በቀር የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ያውም እሷ ማወቋን እኔ ያወቅሁት ያን ቀን ነው።

«ይሄ እኮ እኔ ነኝ» አልኩ።

አያ ከላይ እስከ ታች አየኝ። መንገዱ ረጅም አልነበረም። «አንተ? ዘንባባው?»

ጎረምሳው «በስመ አብ!» ብሎ ስልኩን ደረቱ ላይ ለጥፎ ወደ ኋላ ሸሸ። አያ ክንዴን ይዞ በደንብ ቆነጠጠኝና፣ ስጮህ «አይዞህ፣ ሥጋ ነው» አለው። ራኩባው በሳቅ ተናወጠ። «ዘንባባው፣ እስቲ ያን ጀሪካን አቀብለኝ!» «አንበሳው፣ ጅቡን በግራህ ነው በቀኝህ የጣልከው?» ጅብስ አልጣልኩም፤ አንድ ጊዜ ከርከሮ አባሮኝ ዛፍ ላይ ውዬ አውቃለሁ። እኔም እንባዬ ሳይደርቅ ከነሱ እኩል ሳቅሁ።

ጎረምሳው ግን አልሳቀም። «አርባህ እኮ እሑድ ነው» አለኝ። «ጠላው ተጠምቋል። እናትህ ለተዝካሩ በሬዋን ታሳርዳለች።»

ሳቁ ቀጥ አለ። እናቴ ያላት አንድ በሬ ነው፤ ከጎረቤት በሬ ጋር ተቀናጅቶ ያርስላታል። በሬ የሌለውን ማን ያቀናጀዋል? «እሷስ እንዴት ናት?» አልኩት።

መሬት መሬት እያየ «ያን ግጥም ካለች ወዲህ ድምጿን የሰማ የለም። ታያለች እንጂ አትናገርም» አለኝ።

ወኪሉ ዘንድ ሮጬ ሄድኩና በሰባራ አረብኛዬ «ለተዝካሬ ልሂድ» አልኩት። ጉዳዩን ሲረዳ ጢሙ እስኪርገፈገፍ ሳቀ፤ ሲያሰናብተኝም «አላህ ይርሐመክ» አለኝ። ለሙታን የሚባል ምርቃት ነው፤ እኔም አሜን አልኩ።

ከሀዋታ እስከ ገዳሪፍ፣ ከገዳሪፍ እስከ ገላባት በሎሪ ጆንያ ላይ ተቀምጬ ስሄድ፣ ፍርሃቱ ሲለቀኝ ሳቁ፣ ሳቁ ሲለቀኝ ፍርሃቱ ይመጣል። መቼም ሰው ባዶ ነገር አይወድም። ጥቅሉ ወሬ ይዞ ስላልመጣ አገሩ ወሬ ሠራለት። ወንዝ አስፈለገ፣ ወንዝ ተሞላ። ጀግና አስፈለገ፣ እኔ ረዘምኩ። ማንም ልዋሽ ብሎ አልዋሸም፤ ለሰው ልጅ ማዘን ነው። ግን ለቅሶው ሁሉ ተሰምቶ ባለቤቱ ራሱን ያገኘው ጨው ላይ ነው። ዛሬም ትልልቅ መጻሕፍት ሳነብ፣ የዚያን ጀግና ወጥ ጨው ያበዛችበት ማን ነበረች እላለሁ። የሚነግረኝ መጽሐፍ ግን እስካሁን አላገኘሁም።

የገላባትን ድልድይ ተሻግሬ፣ ከመተማ አይሱዙ ይዤ፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሰፈሬ ደረስኩ። መጀመሪያ ያየችኝ ያቺ ጥቅሉን የተቀበለች ጎረቤታችን ናት። አልሸሸችም፤ ድንጋይ አነሳች። «ሰው ከሆንክ ስምህን ተናገር!»

ስሜን ነገርኳት።

«ስሙንማ ሰይጣንም ያውቀዋል!»

«አንቺ ሴት፣ ወንፊታችንን ከተዋስሽ ይኸው ዓመትሽ፤ መለስሽልን?»

ድንጋዩ ከእጇ ወደቀ። «ውይ በሞትኩት! እሱ ራሱ ነው!» ብላ እልልታዋን አቀለጠችው።

ከዚያማ አገሩ ግልብጥ ብሎ ወጣ። ሴቶቹ ለተዝካሩ ሊጥ ያቦኩበትን እጃቸውን ሳይታጠቡ አቀፉኝ። የንስሐ አባታችን መስቀላቸውን ግንባሬ ላይ ሦስት ጊዜ አሳረፉና፣ ቀና ብዬ ሳያቸው «ጠላውማ አይደፋም፤ የቁም ተዝካር እናድርገው» አሉ። ሕዝቡ አሜን አለ። አስለቃሿን ከሴቶቹ መሐል አየኋትና «እመት፣ እኔ መቼ ነው ዘንባባ የሆንኩት?» ብዬ ጠየቅኋት።

ወገቧን ይዛ አየችኝ። «አጭር ነው ብዬ ላልቅስልህ ኖሯል? ያልኩትን ብያለሁ፤ አንስቼ አልውጠው። እንግዲህ ድረስበት!»

በሬያችን አጥሩ ሥር ታስሮ ገለባውን ያኝካል። ምኑም አልገባውም። ግንባሩን ደባብሼ አለፍኩት።

እናቴ ጥቁሯን ለብሳ በር ላይ ወጣች። አየችኝ። እልልታው ጸጥ አለ፤ ሁሉም የሷን ጩኸት ይጠብቃል። እሷ ግን አልጮኸችም፣ እጇንም አልዘረጋችም። ዘወር ብላ ገባች።

ተከትያት ገባሁ። «እማ፣ እኔ ነኝ።» ምድጃው ላይ እሳት አቀጣጠለች፣ ድስት ጣደች። «እማ፣ ጓደኛዬ ቸኩሎ ነው፤ አልሞትኩም እኮ።» ሽሮውን በተነች፣ አማሰለች። በዓይኗ ጥግ ሰርቃ ታየኛለች፤ ብትናገር የምጠፋባት ይመስላታል። እንደዚያን ጊዜ ፈርቼ አላውቅም። እኔ ተርፌ እሷን ላጣት ነው አልኩ በሆዴ።

ጨው ጣለች። አማሰለች። ጥቂት ቆየችና እንደገና ጨው ጣለች። ረስታ ይሁን አውቃ፣ እስከ ዛሬ አልጠየቅኋትም።

ድስቱን ከነእንጀራው ፊቴ አስቀመጠችና ቆማ ጠበቀች። በሩ ላይ አገሩ ሁሉ ተደርቦ ያያል። ጎረስኩ። አምላኬ! አሞሌ የላስኩ መሰለኝ፣ ዓይኔ እንባ አቀረረ። ዋጥኩት። ደገምኩ። የመጨረሻዋን ቁራሽ ድስቱ ውስጥ አዙሬ ጠረግሁና ቀና አልኩ።

«ጣፈጠኝ» አልኳት።

«ውሸታም!» አለች። ከስንት ቀን በኋላ የወጣ ድምፅ ነውና ተሰነጣጠቀ። «ውሸታም! አንተ ውሸታም!» እያለች አንገቴ ላይ ተጠመጠመች፤ ታለቅሳለች፣ ትስቃለች፣ ጀርባዬን በጡጫ ትደበድበኛለች። ውጭ እልልታው ቀለጠ።

«እማ» አልኳት፣ ጆሮዋ ሥር ሆኜ። «በይ አሁን ውሃ ስጭኝ።»