ክብሪት ጫሩለት

እናቴ ቡታጋዙን ልትለኩስ ክብሪት ስትጭር፣ ሽታው መልሶ ካዛንቺስ የነበረው የድሮ ግቢያችን በር ላይ አቆመኝ።

ስምንት ዓመቴ ነበር። አባዬ ከሥራ ሲመለስ በሩ ጋ ተዝለፍልፎ ወደቀ። ጎረቤቱ ተሰበሰበ። «ክብሪት ጫሩለት» አለ አንዱ። ሮጬ ከሱቅ አመጣሁ፤ በመፍጠኔም ኮራሁ። እናቴ ራሱን ለሳተ ሰው እንደሚደረገው አንድ በአንድ እየጫረች ጢሱን አፍንጫው ሥር ያዘችለት። አልነቃም፤ ትንፋሹም ጠፋ።

አንዲት መንገደኛ ልጅ ተንበርክካ ደረቱን በሁለት እጇ መጫን ጀመረች። እናቴ ትከሻዋን ይዛ ጎተተቻት።

«ልትገድይው ነው እንዴ?»

«እትዬ፣ አይተነፍስም እኮ» አለች ልጅቷ። «ከዚህ በላይ ምን አደርገዋለሁ?»

ሰው ሁሉ ተቆጥቶ አባረራት። እኔም ባለጌ መሰለችኝ። አባዬ በዚያው አለፈ።

ዛሬ መሥሪያ ቤት የመጀመሪያ እርዳታ ሥልጠና ነበረን። አሠልጣኙ የአሻንጉሊት ደረት እያስጫነን፣ «ባትማሩም ጫኑ፤ የማይተነፍስን ሰው ከዚህ በላይ አትጎዱትም» አለን። እጄን ከአሻንጉሊቱ ላይ አነሳሁ።

«ዛሬ ምን አስተማሯችሁ?» አለች እናቴ፣ ክብሪቱን እፍ ብላ እያጠፋች።

«እሳት ማጥፋት» አልኳት።