የአያ ኪሮስ እጅና የእኛ ኖራ

ከአዲስ አበባ ስነሳ ተልእኮዬ አጭር ነበር፦ ሰቆጣ ሂጂ፣ የኮንጎ ጫማችን ለምን እንደሚሰበር አጣሪ፣ ጥፋቱም የተጠቃሚው መሆኑን አስረድተሽ ተመለሽ። መልሱ ከመነሻው ከታወቀ ማጣራቱ ምን ያደርጋል ብዬ አለቃዬን ጠየቅሁት። «እዚያ ያሉ ሰዎች ጫማ እሳት ዳር ያደርቃሉ፣ ፀሐይ ላይ ያሰጣሉ። ይህንን ንገሪያቸው» አለኝ። ሰቆጣን በካርታ እንኳ አይቷት አያውቅም።

እኔ የምሠራው ቃሊቲ ካሉት የፕላስቲክ ጫማ ፋብሪካዎች በአንዱ፣ ፍሬው የሚቀልጥበት ክፍል ውስጥ ነው። ፍሬ የምንለው ከውጭ በከረጢት የሚመጣውን፣ ምስር የሚያህለውን ጥሬ ዕቃ ነው። በወረቀት ላይ ቴርሞፕላስቲክ ኤላስቶመር ይባላል፤ ስሙ ምላስ ያስራል እንጂ ጠባዩ ቀላል ነው። እግር ላይ እንደ ጎማ ይተጣጠፋል፣ ሲሞቅ እንደ ሻማ ይቀልጣል፣ ሲበርድ ተመልሶ ጎማ ይሆናል። ስለዚህ ጫማው ቢበጠስ በጋለ ብረት ይበየዳል። ገበሬው የወደደውም ለዚህ ነው።

ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ግን ገበያው ተበላሸ። ውጭ አገር ኢኮኖሚው ሲቀዘቅዝ መኪና የሚገዛው ሰው ቀነሰ፤ ለመኪና ዕቃ የሚሆነውን ፍሬ የሚያመርቱትም ምርታቸውን ቀንሰው ትንንሽ ደንበኞችን ችላ አሉ። እኛ ከትንንሾቹም ትንሽ ነን። ብዙ ካልገዛችሁ አንልክም፣ ቀድማችሁ ካልከፈላችሁ አንጭንም አሉን። በእኛ በኩል ደግሞ ዶላር መጀመሪያ ጠፋ፤ ኋላም ሲገኝ የማይቀመስ ሆነ። በዚህ መሃል ከባሕር ማዶ ያለቀለት ርካሽ ጫማ በኮንቴይነር ይራገፋል። አለቃዬም ለመፎካከር ብሎ ፍሬውን ቀነሰና የኖራ ድንጋይ ዱቄት ጨመረ። ትንሽ ኖራ ሁሉም ይጨምራል። የእኛ ግን ሽሮው ተረስቶ ውሃው የበዛ ወጥ ሆነ።

ከወልድያ እስከ አስከተማ

የመጀመሪያውን ሌሊት ወልድያ አደርኩ። በነጋታው በጋሸና አድርገን ላሊበላ ገብተን አደርን። ከላሊበላ ወዲያ አስፋልቱ ተሰናብቶን ጠጠሩን ተያያዝነው። ሚኒባሱ ዳገቱን እያቃሰተ ይወጣል፤ አቧራው በተዘጋ መስኮት ሳይቀር ይገባል። የጋዝጊብላ ደጋ ላይ ስንደርስ ብርዱ ነጠላዬን አልፎ አጥንቴን ነካኝ። አስከተማ ላይ ለቁርስ ወረድን፤ እንቁላል ፍርፍር በላሁ፤ ከአዲስ አበባው በግማሽ ዋጋ ነበር፣ ቃሪያውም የሚያስለቅስ።

ከዚያው ከአስከተማ አንድ ጎልማሳ ሰውዬ ተሳፍረው አጠገቤ ተቀመጡ። ከሰቆጣ ወዲያ የጽጽቃ ሰው ናቸው፤ ለዘመድ ተዝካር መጥተው መመለሳቸው ነው። የጫማቸው ማሰሪያ በሽቦ ተጠፍሯል።

«ጫማዎን ምን አገኘው?» አልኳቸው።

«ሽቦ አገኘው» ብለው ሳቁ። «ሰቆጣ አስበይጄው ነበር፣ ሳምንትም አልቆየ። ድሮ እኮ በያጁ አያ ኪሮስ የበየደው ከእግር ጋር ነበር የሚያልቅ። አሁንማ እጁ ሄደ።»

«እንዴት ሄደ?»

«እርጅና ይሁን፣ ዓይን ይሁን፣ ማን ያውቃል? የነካው ሁሉ ይላቀቃል። ሰውም ተወው።»

አስፈቅጄ ጫማውን ገለበጥኩት። ከሥሩ የፋብሪካችን ምልክት አለ። ስንጥቁ ውስጥ ኖራው ነጭ ሆኖ ይታያል። ደሜ ፈላ። እስከ ሰቆጣ ድረስ ከሰውዬው ጋር ስለ ዝናቡ ብቻ አወራን።

ሰቆጣ

የዋግ ምድር ከተማ ሰቆጣ በድንጋይ ቤቶቿ ኮረብታው ላይ ተደግፋ ተቀምጣለች። አልጋ ይዤ ፊቴን ታጠብኩና ጫማችንን ወደምትሸጠው ወደ ወይዘሮ ደስታ ሱቅ ሄድኩ። ደስታ የተሰባበረ ኮንጎ የሞላበት ማዳበሪያ እግሬ ሥር ዘረገፈችልኝ።

«ያው ጫማችሁ! ደንበኛ ሳይሆን ጠላት ነው ያፈራችሁልኝ» አለችኝ።

«አለቃዬ፣ ፀሐይ ላይ ያሰጡታል ይላል» አልኩ፤ ስናገረው ራሴን አሳፈረኝ።

«የዋግን ፀሐይ የት እናድርጋት? ለጥላ የተሠራ ከሆነ ጃንጥላም ጨምራችሁ ላኩልን!»

ሳቄ አመለጠኝ። እሷ ግን አልሳቀችም። «እኔስ ነጋዴ ነኝ፣ ሌላ እሸጣለሁ። እኒያን ሽማግሌ፣ አያ ኪሮስን፣ ግን በቁም ገደላችኋቸው። ነገ የመጨረሻ ገበያቸው ነው። ቦታቸውን ለቀው ኒሯቅ ልጃቸው ዘንድ ሊገቡ ነው» አለች።

ያን ዕለት ማታ የአበርገሌ ፍየል ጥብስ ቀረበልኝ። በአገሩ ሁሉ የተመሰገነ ሥጋ ነው፤ እኔ ግን አልበላልሽ አለኝ።

የገበያ ቀን

አያ ኪሮስ ከገበያው ዳር፣ ከአንዲት ግራር ሥር ተቀምጠዋል። ፊታቸው የከሰል ምድጃ፣ ብረትና አንድ ጣሳ ውሃ አለ። ሥራ ግን የለም። ቀኝ እጃቸውን ጋቢያቸው ውስጥ ደብቀዋል። የሚያልፈው ሰው በአገሩ ቋንቋ፣ በኽምጣኛ፣ ሰላም ይላቸዋል፤ ጫማውን የሚያወልቅ የለም።

ከፋብሪካው እንደመጣሁ ነገርኳቸው። እንግዳ አክብረው ድንጋይ አመቻቹልኝ።

«እጄ ነው፣ ልጄ» አሉኝ ገና ሳልጠይቃቸው። «ጸበል ተጠመቅሁ። ብረቱን ለወጥሁ። ከሰሉን ለወጥሁ። ባለቤቴ ማታ ማታ ቅቤ ታሽልኛለች። ምን በድዬ እንደሆን አላውቅም።»

ይህንን ስሰማ ጮክ ብዬ መሳደብ አማረኝ። አንድ ሰው ቃሊቲ ተቀምጦ ከረጢት ውስጥ ኖራ ይገለብጣል፤ ሌላው ዋግ ላይ ኃጢአቱን ይቆጥራል! ሻንጣዬን ከፈትኩና መታጠቢያ ቤት የማደርገውን ኮንጎዬን አወጣሁ። ፋብሪካው ኖራ ሳያበዛ የሠራው ነው፤ ዓመታት ቆይቶም ይታጠፋል። ከአያ ኪሮስ ምድጃ አጠገብ ቢላ አንስቼ ማሰሪያውን ለሁለት ቆረጥኩት።

«ምነው፣ አብደሻል? ደህናውን ጫማ!»

«ይበይዱልኝ።»

«እጄን ነግሬሻለሁ።»

«ይበይዱልኝ አያ። ካልያዘ ባዶ እግሬን እታጠባለሁ።»

ብረቱን አጋሉ። ቀኝ እጃቸውን ከጋቢያቸው አወጡ። ሁለቱን ጫፍ ብረቱ ላይ አሳርፈው፣ ሲቀልጥ ገጥመው ጫን አሉና ውሃ አርከፈከፉበት። በዚህ መሃል ሰው ከቦናል። ለገበያው ያደሩት የጽጽቃው ሰውዬም ከነሽቦአቸው ቆመዋል። ጫማውን ሰጠኋቸው።

«ይሳቡት።»

ሳቡ። ባንዱ እግር ረግጠው በሁለት እጅ ሳቡ። ማሰሪያው ተለጠጠ እንጂ አልተላቀቀም። ቀጥሎ አንድ ጎረምሳ ሳበ፣ ቀጥሎ ደስታ ራሷ ከሱቋ ወጥታ ሳበች። እኔም ድምፄን ከፍ አደረግሁ።

«ስሙኝ! እኔ ከፋብሪካው ነው የመጣሁት። አሁን የምንልክላችሁ ጫማ ኖራ በዝቶበታል። ኖራ በእሳት አይጋጠምም፤ የማንም እጅ አይበይደውም። የእሳቸው እጅ ምንም አልሆነም!»

የጽጽቃው ሰውዬ ጎንበስ ብለው «አያ፣ ይቅር በሉኝ፣ በአፌ በድዬዎታለሁ» አሉ። አያ ኪሮስ ግን ቀኝ እጃቸውን ፀሐይ ላይ ዘርግተው እያገላበጡ ያዩታል። ዕንባቸው ወርዶ ሪዛቸው ውስጥ ገባ። ደስ ይላቸዋል ብዬ ስጠብቅ ቀና ብለው በቁጣ አዩኝ።

«ኖራ እንደገባበት ታውቁ ነበር?»

«እናውቅ ነበር።»

«እንግዲያ ጫማውን ስትልኩ ወሬውን አብራችሁ ብትልኩ ምን ነበረበት? አንድ ቃል! እኔ እኮ አምላኬን ነው የተጣላሁ።»

ለብየዳው ዋጋ ልሰጣቸው ስል እጄን መለሱት። ከሰዓት ስሰናበታቸው ግን ሦስት ሰዎች አሮጌ ጫማ ይዘው ተራ ይጠብቁ ነበር፤ አያ ኪሮስም እያንዳንዱን ጫፉን በእሳት ነካ እያደረጉ ኖራ የበዛበትን ከደህናው ይለያሉ። ወደ ኒሯቅ የመሄዱን ነገር ያነሳው ሰው አልነበረም።

ቃሊቲ

በመጣሁበት መንገድ ተመለስኩ። አለቃዬ «እህ፣ አስረዳሻቸው?» አለኝ። አዎ፣ በገበያ መሃል አስረዳሁ አልኩት። የነገርኩትን ሁሉ ሰምቶ ሲያበቃ ፊቱ ቀላ። ኖራው ካልቀረ ቢያንስ ጫማው ላይ ምልክት እናድርግበት ብዬ ለመንኩት።

«የራሱን ዕቃ የሚሰድብ ፋብሪካ የት አገር አይተሻል? ገበያው እኮ የዓለም ገበያ ነው!» አለኝ።

የዓለም ገበያ! ሲጠብ ጥበቱን፣ ሲወደድ ውድነቱን እስከ ዋግ ተራራ ድረስ ያደርሳል፤ አንዲት ቃል ማድረስ ግን ይከብደዋል። ከዚህ መንገድ ያተረፍኩት ዕውቀት ይኸው ነው።

በማግስቱ ማሽኑ ገና ሳይሞቅ የጫማውን ቅርጽ ማውጫ ከፍቼ፣ በተረከዙ በኩል በሚስማር አንዲት መስመር ጫርሁበት። አሁን ከዚያ የሚወጣ ጫማ ሁሉ ተረከዙ ላይ ቀጭን መስመር አለው። ፍሬው የተስተካከለ ቀን ራሴ አጠፋታለሁ። አለቃዬ ይህንን ካነበበ የት እንደምገኝ ያውቃል።

ከዚያ ወደ ደስታ ደወልኩና ስልኩን ለአያ ኪሮስ እንድታደርስልኝ ጠየቅኋት።

«አያ» አልኳቸው፣ «ተረከዙ ላይ መስመር ያለበትን ጫማ አይንኩት። እሱ የእርስዎ እጅ አይደለም፤ እኛ ነን።»