ድምፅ መቀነሻ የሌለው ጊታር

በቅርቡ ቴሌግራም ላይ ያገለገለ ኤሌክትሪክ ጊታር በርካሽ ሲሸጥ አየሁና ሰሚት፣ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ድረስ ሄድኩ። ሻጩ ናሆም የሚባል ወጣት ነው። ጊታሩን ራሱ ፈታቶ ሆዱ ውስጥ የሚኒባስ ስፒከር ገጥሞለታል።

«ድምፅ መቀነሻው የታለ?» አልኩት።

«ለስፒከሩ ቦታ ሲጠበኝ አወጣሁት።»

አንዱን ክር ነካ ሳደርገው መስኮቱ ተንቀጠቀጠ። ወዲያው በሩ ተንኳኳ። ጎረቤቱ የሆኑ አንዲት እናት ናቸው። ሊቆጡን ነው ብዬ ተሸማቀቅኩ።

«ልትገዛው ነው ልጄ?» አሉኝ።

«እያሰብኩ ነው፣ እማማ።»

«ሰፈርህ የት ነው?»

«አያት።»

«ተመስገን!» አሉና ወደ ደረጃው ዞረው «ይወስደዋል!» ብለው ተጣሩ።

እኔ ገና ሳልወስን ጎረቤቱ ሁሉ ግልብጥ ብሎ ወጣ። አንዷ ትመርቀኛለች፣ አንዱ የታክሲ ብር ኪሴ ውስጥ ይከትልኛል። በዚህ ሁሉ ሰው ፊት እምቢ ለማለት አፍሬ ከፈልኩ። ጊታሩን ተሸክመውልኝ ከሕንፃው ሥር እስከቆመው ሚኒባስ ድረስ በእልልታ ሸኙኝ።

ልንንቀሳቀስ ስንል ናሆም በረንዳው ላይ ብቅ አለና እጁን እያውለበለበ ጮኸ፦

«ወንድሜ፣ እግዜር ይስጥልኝ! ድራም ለመግዛት ትንሽ ነበር የጎደለኝ!»